የዳምጤ ግራ እጅ

ሣራ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መወልወያውን ከባልዲው ታነሳለች። ጨርቁን ፈትታ ታስቀምጥና እንጨቱን ብቻ በግራ እጇ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ትሄዳለች። በዚህ ሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የምትገባው እዚያ ነው። ባሏ አባይነህ ስልኩን ደግኖ ይጠብቃታል። ግድግዳው ላይ የመዳፍ ያህል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ የሚሮጥ፣ የሚወድቅ ወይም የሚያደባ ሰው ንድፍ አለ። ሣራ ንድፉን ታይና እንደ ንድፉ ትቆማለች።

«ጉልበትሽን እጠፊው። ትንሽ። ትከሻሽን ልቀቂው። አሁን የጠራሽ ሰው እንዳለ ሆነሽ ወደ ኋላ ዙሪ።»

«ማነው የጠራኝ?»

«ጥላ ለቃሚው።»

«እሱ ከሆነማ ቀስ ብዬ ልዙር።»

አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሲጨርሱ ጨርቁን መልሳ ታስርና ኮሪደሩን ወልውላ ወደ ሱቋ ትወርዳለች።

ሱቋ ጀሞ አንድ፣ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ነው። አንድ የሹራብ ማሽን፣ ሁለት በርጩማ፣ በቀለም የተደረደረ ክር። የአምስት ትምህርት ቤቶችን የተማሪ ሹራብ ትሠራለች፤ የየትኛው ትምህርት ቤት ሰማያዊ ከየትኛው እንደሚለይ ክሩን ሳታይ በቁጥሩ ታውቃለች። በሩ ላይ በተወጠረው ሲባጎ በልብስ መቆንጠጫ የተሰቀሉት ደግሞ ሹራቦች አይደሉም። ባሏ የሚጽፈውና የሚሥለው ተከታታይ ኮሚክ፣ «የጠመኔ በር» ነው። እስካሁን አምስት ቅጽ ወጥቷል።

የኮሚኩ ጀግና ዳምጤ ይባላል። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ጆሮው ሰፊ፣ እንደሱ ላለ ልጅ የማይሆን የአያት ስም የተሸከመ። ከአጎቱ ጋር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። በጠመኔ ግድግዳ ላይ በር ሲሥል በሩ ይከፈትና ወደ ታችኛው ከተማ ያስገባዋል። ታችኛው ከተማ አስፋልት የተደፋባቸው ወንዞች ሁሉ ዛሬም የሚፈሱበት አገር ነው፤ የሰው ጥላ የሚለቅሙት ጥላ ለቃሚዎችም እዚያ ይኖራሉ። በሩ የሚከፈተው ግን በግራ እጅ ከተሣለ ብቻ ነው። በቀኝ የተሣለ በር ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ይህ ሕግ በአንደኛው ቅጽ ሦስተኛ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ በጀሞና በላፍቶ ያሉ አንባቢ ተማሪዎችም በቃላቸው ይዘውታል።

ሕጉ የመጣው ከሣራ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አባይነህ በአንድ ሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት ንድፍ ሠሪ ሆኖ እየሠራ የመጀመሪያውን ገጽ ሲሞክር፣ ጠመኔ ሰጥቷት «ግድግዳ ላይ እንደምትሥይ ሁኚ» አላት። ሳታስበው በግራዋ ያዘችው። ሆሳዕና ከተማ ልጅ ሳለች እናቷ ግራ እጇን በሻሽ ከወገቧ ጋር እያሰረች በቀኟ እንድትበላ አስለምዳታለች፤ በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ ትጽፋለች። መቀስ ስታነሳ፣ የወደቀ ነገር ስትቀልብ ወይም ስትደነግጥ ግን ግራዋ ይቀድማል። አባይነህ ያየውን ሣለ። ከሥዕሉ ቀጥሎ ሕጉን አሰበ፤ ከሕጉ ታሪኩ ወጣ።

የዳምጤ ፊት አባይነህ ስምንተኛ ክፍል ሳለ ከተነሳው የፈተና ፎቶ የተወሰደ ነው። ከአንገት በታች ያለው ሁሉ የሣራ ነው፤ አረማመዱ፣ የትከሻው መጉበጥ፣ ሲፈራ ክርኑን ከጎኑ የሚያጣብቅበት መንገድ። የሚለብሰውም እሷ በልኳ የሠራችውን አንገቱ የተጣመመ አረንጓዴ ሹራብ ነው። ልጅ የላቸውም፤ ስለዚህ ጉዳይ ሁለቱም አያወሩም።

ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንዲህ እንዲሆን የጠየቀችው ራሷ ሣራ ናት። «የአርባ ዓመት ሴት ናት ብለው ይሳቁብሃል» ብላው ነበር። አባይነህም ቃሏን ጠበቀ፤ ምናልባት ከምትፈልገው በላይ ጠበቀ።

ሌንሳ የመጣችው በስድስተኛው ቅጽ ላይ ነው። ሣራ ከወንበር ላይ ዘልላ ስትወርድ ጉልበቷ አበጠ፤ ሐኪሙ ሁለት ወር አትዝለይ አላት። ታሪኩ ደግሞ ዝላይ በዝላይ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው የለሊሴ ልጅ ሌንሳ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ቴኳንዶ ትሠለጥናለች። አባይነህ ደረጃ ላይ አግኝቷት ጠየቃት። እናቷ ለሊሴ በአንድ ነገር ብቻ ተስማማች፤ ሣራ ባለችበት ከሆነ።

ስለዚህ ሣራ በእያንዳንዱ ጠዋት እዚያው ነበረች።

ሌንሳ በመጀመሪያው ቀን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከጭንቅላቷ በላይ አነሳችና ያዘችው። ሣራ በልቧ ቆጠረች። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስም እግሩ አልወረደም።

«አየሽ ሣሪ? አየሽልኝ?» አለ አባይነህ፣ ስልኩን እያንቀሳቀሰ። «አሥር ፎቶ አነሳሁ እኮ! ምንም ሳትነቃነቅ!»

«አየሁ።»

«ማዘር፣ እንጨቱን ያቀብሉኛል?» አለች ሌንሳ እግሯን ሳታወርድ።

ሣራ እንጨቱን አቀበለቻት። በዚህ ሰፈር ልጆች ማንኛዋንም ከእነሱ ከፍ ያለች ሴት «ማዘር» ይላሉ፤ ስድብ አይደለም። ሣራም ከሌላ ሰው ሰምታው ቅር ብሏት አያውቅም።

«ማዘር አትበይኝ» አለቻት በሦስተኛው ቀን።

«ምን ልበልዎ?»

«ሣራ እባላለሁ።»

«እሺ፣ ማዘር ሣራ።»

አባይነህ ሳቀ። ሣራ ሳቁን ለካችው። ጉልበትሽን እጠፊ ብሏት አሥር ጊዜ ሲመላለስ እንዲህ ስቆ አያውቅም። በእርግጥ እሷ ላይ የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ አሥር ጊዜ የሚመላለሰው ስለምትሳሳት ነበር። ይህንንም ታውቃለች፤ ማወቋ ግን አላቀለለላትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ የሱቁን መጋረጃ ጋረደችና ደህነኛውን እግሯን አነሳች። ከወገቧ አላለፈም። ሲወርድ የማሽኑን እጀታ መታውና የግማሽ ሹራብ ክር ተፈታ። ክሩን እየጠቀለለች ነገሩ የሌንሳ ልጅነት ብቻ እንዳልሆነ አሰበች። አባይነህ ለሌንሳ ሲያዝ ድምፁ ይለወጣል፤ ሚስቱን ሳይሆን የሥራ ሰው እንደሚያነጋግር ዓይነት ጥንቁቅ ነው። «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚልኝ» ይላል። ለሣራ ይቅርታ ብሎ አያውቅም። ሌላ ነገር ጠርጥራ አይደለም፤ ልጅቷን እንደ ልጅ እንደሚያያት በዓይኗ ታያለች። የቀናችው በይቅርታው ነው፤ በልጅቷ እግርም፣ በአረንጓዴው ሹራብም።

ሹራቡ ለሌንሳ ሰፋ። አባይነህ ጠበብ ያለ እንድትሠራ ጠየቃት። ሣራ ሜትሯን ይዛ የልጅቷን ደረት፣ ክንድና ጀርባ ለካች። ሌንሳ እጆቿን ዘርግታ ቆማ፣ «እርስዎ ሲለኩ ይኮረኩራል» እያለች ትስቅ ነበር። ሣራ እጅጌውን ሁለት ጣት ልታሳጥረው አሰበች። ማሽኑ ላይ ስትቀመጥ ግን አልሆነላትም፤ የተበላሸ ሹራብ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። በልኩ ሠራችው። የተጣመመውን አንገት እንኳ በዚያው ልክ አጣመመችው።

ሌንሳ በቀኟ ነው የምትሠራው። በግራዋ እንጨት ስትይዝ መጥረጊያ የያዘች ትመስላለች። አባይነህ መላ አገኘ፤ ፎቶውን በስልኩ ግራና ቀኙን ይገለብጠዋል፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። «ማንም አያውቅም» አለ። ሣራም አያውቅም ብላ አሰበች፤ ከስድስት ዓመት ይልቅ አንዲት የስልክ ቁልፍ በቂ ሆነች።

ሣራ በመጽሐፉ ላይ ሌላም ሥራ አላት። ማተሚያ ቤቱ መካኒሳ ነው። ከመታተሙ በፊት የሚወጣውን የማረሚያ ቅጂ የምታየው እሷ ናት፤ አባይነህ ወራት ያየውን ገጽ ዓይኑ ስለለመደው ስህተት አያይም። እሷ እዚያው ቆማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታየዋለች፣ ትፈርማለች፣ ከዚያ ይታተማል። በአምስቱ ቅጾች የጎደለ ጣት፣ የተረሳ ቁልፍ፣ ሁለት ጊዜ የተቀመጠ ገጽ አግኝታለች።

በስድስተኛው ቅጽ ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ አቆመች። ዳምጤ በመካኒሳ ድልድይ ሥር ግድግዳ ላይ በር እየሣለ ነው። ጠመኔው በቀኝ እጁ ነው። በሩም ተከፍቷል።

አባይነህ አንዱን ፎቶ መገልበጥ ረስቷል። በጠቅላላው መጽሐፍ አንድ ሥዕል ብቻ፣ ግን ሙሉ ገጽ የያዘ፣ ሁሉም የሚያየው።

የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ፣ እንግዳ የሚባለው፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። «እህቴ፣ ችግር አለው እንዴ?»

ሣራ ገጹን ተመለከተች። ቀኝ እጁ የሌንሳ ነበር፤ አውራ ጣቱ ወደ ላይ የሚወጣበትን አኳኋን ታውቀዋለች። ሹራቡን ማበላሸት አልቻለችም ነበር፤ እዚህ ግን የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነው። ሲታተም ይየው፣ አለች በልቧ። ማንን አምጥቶ ምን እንደሆነ ይየው።

«የለውም» አለች። እስክሪብቶውን በቀኟ ተቀብላ «ይታተም» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችም።

ሦስት ሺህ ቅጂ ታተመ።

በአራተኛው ቀን ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ ሁለት ተማሪዎች ሱቁ በር ላይ ቆመው ተጨቃጨቁ።

«ቀኝ ነው እያልኩሽ!»

«ምኑ?»

«እጁ ነዋ! ሃያ ሁለት ላይ እዪ። በሩ ተከፍቷል ደግሞ።»

«ሰዓሊው ተሸውዶ ነው።»

«ሂጂ ባክሽ! ስድስት ዓመት በግራ የሣለ ሰው ነው አሁን የሚሸወደው?»

ሣራ ማሽኑን አላቆመችም። ደስታ ጠብቃ ነበር፤ አልመጣም።

የዚያን ቀን እራት ላይ አባይነህ በቴሌግራም ከአንባቢዎች የደረሱትን መልእክቶች አየ። እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ መጽሐፉን አመጣ፣ ገጹን ገለጠ፣ ለረጅም ጊዜ አየው።

«አይተሽው ነበር?»

«አላየሁትም።»

«እኔ ነኝ» አለ። «መገልበጡን ረሳሁት።»

ሣራ ጠበቀች። «በልጅቷ ምክንያት ነው» እንዲል ጠበቀች። «ከአንቺ ጋር ሆኖ ቢሆን ይህ አይመጣም ነበር» እንዲል ጠበቀች፤ ይህም እውነት ነው።

«ልጅቷ ምን ታድርግ» አለ አባይነህ። «ቅር እንዳይላት፣ እንዳትነግሪያት።»

ሁለት ቀን እርሳስ አልነካም። የይቅርታ ጽሑፍ አዘጋጀ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሊልከው ሲል ግን አንባቢዎቹ ቀድመውታል። አንዲት የላፍቶ ተማሪ «ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ዳምጤ አይደለም» ብላ ጽፋለች። ዳምጤ በቀኝ አይሥልም፤ በቀኝ የተሣለ በርም አይከፈትም። ስለዚህ ይህ ሌላ ነው፤ ከታችኛው ከተማ የወጣ፣ የዳምጤ ጥላ ነው። እስከ ማታ አራት መቶ ሰው ተከራክሮበት ነበር። ከገጽ ሃያ ሁለት በኋላ ያለውን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሰው እያነበቡ ማስረጃ ያገኙ ነበር፤ አጎቱ ለምን ሻዩን ሳይጠጣ ተነሳ፣ ውሻው ለምን ጮኸበት።

አባይነህ የይቅርታውን ጽሑፍ ሰረዘው።

በሳምንቱ ላፍቶ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ጋበዘው። አዳራሹ ሞልቷል። ሣራ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ትሸጥ ነበር። አባይነህ ሌንሳን ወደ መድረክ ጠራት። «የዳምጤን ዝላይ የምትዘልልኝ ይህች ናት» አለ። ሌንሳ እግሯን አነሳች፤ አዳራሹ ተናወጠ።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ጥላውን ያሰቡት ከስንተኛው ቅጽ ጀምሮ ነው?»

አባይነህ ፈገግ አለ። «ከመጀመሪያው» አለ።

ጭብጨባው ሣራ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን መጽሐፎች ያነቃነቀ መሰላት። መልስ ቆጥራ መስጠት አቃታት፤ መጽሐፍ ሊገዛ የቆመውን ልጅ «ቆይ» አለችው። ነገሩን በጸጥታ መረመረችው። ዝላዩ የሌንሳ ሆነ። ብልሃቱ የአባይነህ ሆነ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚጨበጨብለት ነገር የተሠራው ግን መካኒሳ ባንኮኒ ላይ፣ በእሷ እጅ ነው። ያንን የእኔ ነው ለማለት ደግሞ ምን እንዳደረገች መናገር አለባት።

ወደ ጀሞ የሚመለሱበት ሚኒባስ ውስጥ ሌንሳ ከሾፌሩ አጠገብ ጋቢና ተቀመጠች። ባልና ሚስት ከኋላ ወንበር ናቸው።

«ጥሩ ነበር፣ አይደል?» አለ አባይነህ።

«አይቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«ገጽ ሃያ ሁለትን። ማተሚያ ቤት። እንግዳ ችግር አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ የለውም አልኩት።»

ረዳቱ ከፊት «ሒሳብ! ከኋላ ሒሳብ!» እያለ ይጮኻል። አባይነህ ብሩን አውጥቶ አቀበለ፤ መልሱን ተቀበለ፤ ኪሱ ከተተ።

«ለምን?»

ሣራ ወደ ጋቢናው በአገጯ አመለከተች። የሌንሳ ጭንቅላት መስታወቱ ላይ ተደግፎ ይነቀነቃል፤ ተኝታለች።

«እሷን ይቅርታ ትላታለህ» አለች። «ስድስት ዓመት ሙሉ ቆሜልህ አንድ ቀን ይቅርታ ብለኸኝ አታውቅም። ከመጀመሪያው ትላለህ ደግሞ። ከመጀመሪያው አልነበረም። እኔ ዝም ስላልኩ ነው።»

 ሚኒባሱ ሁለት ቦታ ቆሞ ሰው አወረደ።

«ሌላስ ያየሽው አለ?» አለ በመጨረሻ።

«ሠላሳ አራት ላይ የአጎትየው ጥላ ወደ ፀሐይ ነው የወደቀው።»

«በስመአብ!»

«እሱን ግን ሳላውቅ ነው ያለፍኩት። በኋላ ነው ያየሁት።»

አባይነህ መሳቅ ጀመረና አቆመው። ተናዷል፤ ሣራ አንገቱ ላይ የተገተረውን የደም ሥር ስታይ አወቀች። ሦስት ቀን ለቤት ጉዳይ ካልሆነ አላነጋገራትም፤ ጨው አቀብይኝ፣ መብራት አጥፊ። ጠዋት ጠዋት ፎቶ አልነበረም። ሣራ መወልወያውን ሳትፈታ ወለወለች።

በአራተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች። ሁለት ሰው የተሣለበት ነበር፤ ፊት ለፊት የቆሙ፣ አንዱ በግራው፣ ሌላው በቀኙ በትር የያዘ። ከግራው ሥር «ሣራ»፣ ከቀኙ ሥር «ሌንሳ» ተብሎ ተጽፏል። በእርሳስ ከታች፣ በትንሹ፦ ይቅርታ፣ ጉልበትሽ ከፈቀደ።

ሌንሳ በደረጃው ወጥታ መጣችና ወረቀቱን በሣራ ትከሻ ላይ አየችው። 

«ግራው እርስዎ ነዎት እንዴ? ዳምጤ?»

«ነኝ።»

«ያ ክርኑን እንዲህ የሚያደርገው?» ክርኖቿን ከጎኗ አጣበቀች። «ስንት ጊዜ ሞክሬ እምቢ ያለኝ?»

«እንዲህ አይደለም። ፈርተሽ ነው የምታደርጊው።»

«ኧረ እኔ አልፈራም፣ ማዘር።»

«እሱ ነው ያስቸገረሽ» አለች ሣራ።

አባይነህ ሰባተኛውን ቅጽ አብራራ። ሁለቱ ዳምጤዎች ታችኛው ከተማ፣ በተቀበረው ወንዝ ዳር ይገናኛሉ። ሠላሳ ገጽ ይታገላሉ።

«ማነው የሚያሸንፈው?» አለች ሣራ።

አባይነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ቀኙ ግራውን ይጥለዋል።»

«ይጥለዋል?»

«ታሪኩ ነው፣ ሣሪ።»

ሣራ ሌንሳን አየቻት። ሌንሳ ጣሪያውን ታያለች፤ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳለች።

«በጀርባ ነው ወይስ በጎን የምወድቀው?» አለች ሣራ።

«በጀርባ። እጆችሽ ተዘርግተው።»

ኮሪደሩ ሲሚንቶ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሣራ የመኝታ ቤቱን ፍራሽ ታወጣለች፤ ሌንሳ በአንዱ ጫፍ ትይዝላታለች።